አሮጌው ሞተር ዝም ያለ ሰሞን

ኅዳር 9 ቀን

ለልጄ፣ ለመርከቧ መካኒክ፤

ያለሽበት ባሕር የረጋ ይሁን። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ብርድ ሲነካት ጉልበቴን እያለች ታማርራለች እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

የላክሽው ሲንተቲክ የሞተር ዘይት ጓዳ ጥግ ተቀምጦ ከረመ። በስልክ የተከራከርነውን አልረሳሁም። አሮጌ ሞተር ከለመደው ዘይት አይለይም ብዬሻለሁ። አዲሱ ዘይት ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ ያጥበውና ዝቃጩ የደፈነውን ቀዳዳ ሁሉ ይከፍተዋል ብዬሻለሁ። አንቺ «አባዬ፣ ማገጃ ጎማዎቹ ደህና ከሆኑ አያፈስም» አልሽ። እኔ መካኒክነትን ከመጽሐፍ አልተማርኩም፤ ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው። ስለዚህ አልሰማሁሽም።

ብርዱ ሲጠና ግን መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አልነሣ አለች። የማመላልሳቸው ተማሪዎች በየበራቸው ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። እናትሽም «ልጅቷ ከስንት አገር የላከችውን ዘይት የበር መደገፊያ አደረግከው እኮ!» አለችኝ። አፏን ላስይዝ ብዬ ቀየርኩት።

ሞተሩን አሙቄ አሮጌውን ዘይት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አወረድኩ፤ ፊልትሮውንም አዲስ አደረግሁ። ያንቺን ዘይት ሞልቼ ከሥር ካርቶን አነጠፍኩ። ጠዋት ሳየው ካርቶኑ ላይ አንዲት ነጥብ የለም። ያላፈሰሰው እኔ ማገጃ ጎማዎቹን በጊዜያቸው ስለቀየርኩ ነው፤ ይህን እወቂ። መኪናዋም ቁልፍ እንደነካሁ ተነሣች።

ደግሞ ዝም አለች። ያ የምታውቂው የቫልቮች ኳኳታ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «የአንተዋ መኪና ከእኔዋ በላይ ትሰፋለች» እያለ የሚቀልድበት፣ ጠፋ። መሪ ይዤ ለብቻዬ ሳቅሁ። ተሸነፍኩ ብዬ ልጽፍልሽ ቆርጬ ነበር።

በዚያው ሳምንት ተማሪዎቹን ጭኜ ስሄድ ከኋላዬ ትርምስ በዛ። ሲጫወቱ መስሎኝ «አርፋችሁ ተቀመጡ!» አልኳቸው። አንዷ ትንሽ ልጅ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ።

«አባባ፣ አምቡላንስ! አምቡላንስ እኮ ነው!»

በመስታወቱ አየሁ። መብራቱ እየተሽከረከረ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ከመቼ ጀምሮ እንደተከተለኝ አላውቅም። ጥግ ያዝኩለት። ሲያልፍ ሾፌሩ እጁን እያወራጨ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አየሁት።

ቤት ደርሼ ሞተሩን ሳላጠፋ እናትሽን ጠራኋት።

«ድምጿ አልቀነሰም?»

«የቱ ድምጿ? ሰፈሩን እያናወጠች!»

«ዘይት ቀይሬያለሁ እኮ።»

«ቀየርክም አልቀየርክም ያችው ናት» አለችና ፊቴን አየችው።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ልጅ ሆነሽ እንዳሳየሁሽ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፌ እጀታውን በጥርሴ ነከስኩ። ከጆሮዬ የጠፋው ኳኳታ አንድም ሳይጎድል በመንጋጋዬ በኩል መጣ። ቫልቮቹ ዝም አላሉም ነበር።

ተማሪዎቹን በማግሥቱ ለሌላ ሾፌር አስረከብኩ። ለወላጆቻቸው መኪናዋ አርጅታለች አልኳቸው። አርጅታለችም። ልብስ ሰፊው መጥቶ ጆሮዬ ሥር «አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ ወጣህ እንዴ?» ሲለኝ «የወጣችው መኪናዋ ናት» አልኩት። የሳቀ መሰለኝ።

ቆማ እንዳትበላሽ ጠዋት ጠዋት አስነሣታለሁ፤ ካቻቢቴዬን ነክሼ አዳምጣታለሁ። ከእንግዲህ ብርድ አትፈራም። ዘይቱ ጥሩ ነው። አንዴ ጽፌዋለሁ፤ ሁለተኛ አልጽፈውም።

ስትደውዪ እናትሽን አነጋግሪ፤ እኔ ስልኩን ስይዘው መስመሩ ይበላሻል። ለእኔ ደብዳቤ ጻፊልኝ።

ፈጣሪ ከማዕበል ይሰውርሽ፤ እጅሽን ከሚሽከረከር ብረት ይጠብቅልሽ። ፈቃድ አግኝተሽ ስትመጪ በር ላይ ቆመሽ አታንኳኪ። ቁልፉ የድሮ ቦታው፣ ከአበባው ባልዲ ሥር ነው። ከፍተሽ ግቢ።

አባትሽ