ቤዝቦሉና የዳዊ ጉንፋን

ለውድ እህቴ ለእትዬ ዓይናለም፣

የደሴን ብርድ እንዴት ይዘውታል? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ከቤዝቦሉ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ቡድናችን ዘንድሮ ጉድ ሠርቶናል። ጨዋታውን ሙሉ ሲመራ ያመሽና የመጨረሻው ዙር ላይ ድሉን ለባላጋራው እንደ ጸበል ጸዲቅ ያድለዋል። ባለፈው ተናድጄ የወረወርኩትን ሪሞት እስካሁን አላገኘሁትም።

እዚህ ፌርፋክስ ከተማ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ሩመይሳ ጨዋታ ባለ ቀን እኔ ዘንድ ነው የምታየው። የሷን ሥጋ እኔ፣ የኔን እሷ ስለማንበላ፣ ፍስክም ቢሆን የምናቀርበው ሽሮና ቆሎ ነው። ደንቡን ያወጣው ልጅዎ ዳዊ ነበር፤ "ቤዝቦል የጾም ነው" ብሎ።

አሁን ዳዊ ቤዝቦሉን ትቷል። ኤርፎን ሰክቶ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰባኪ ይሰማል። ስብከት መስማቱ መልካም ነው፤ ግን የሩመይሳን ቆሎ አልነካም አለ። ሩመይሳ "ምነው ጠፋ?" ስትለኝ "ጉንፋን ይዞት ነው" አልኳት። ወዲያው ዝንጅብል አፍልታ መጣች። ይኸው ጉንፋኑ ወር አለፈው፣ ዝንጅብሉም አልቆመም። የምጠጣው እኔ ነኝ፤ ድምፄ ጠርቶልኝ ዳኛውን በደንብ እሰድብበታለሁ። መቼም ዳዊን ያስመረረው የቡድናችን ሽንፈት ይሆናል።

ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ዳዊን አዝለው ላሳደጉት ለእትዬ ዘሀራ ግን ሰላምታ ብቻ አይበቃም። እሁድ ለዳዊ ሲደውሉ፣ ስልኩን መጀመሪያ ለሳቸው ይስጡልኝ።

ወንድምዎ ተስፋሁን