በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም

ረቡዕ፣ ሰኔ 1 ቀን 2008

ዛሬም ልጄ ሲና በጠዋት ወጣች። እስከ ማታ ክሊኒኳ ናት። እኔ ከሶፋው ጋር። ከሀዋሳ አሜሪካ ድረስ የመጣሁት ሶፋ ለመጠበቅ ነው እንዴ? ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ፒዮሪያ ስትሪት ወርጄ ዞር ዞር ልበል ብዬ... መኪና ብቻ። አውቶቡስ ለምትጠብቅ ሴትዮ ስለ ፀሐዩ አወራሁላት። ስልኳን ማየት ጀመረች።

ማታ ልጄ መጣችና "እማዬ፣ ሰርፕራይዝ! የምግብ ክላስ ሬጂስተር አደረግኩሽ" አለችኝ። አንዲት የደቡብ ሕንድ ሴት ሃቫና ስትሪት አካባቢ ቤቷ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ታስተምራለች አሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ ድስት ሳማስል የኖርኩ ሴት ምግብ ልማር? ሳቅሁ። ግን ደስ አለኝ። ቢያንስ የሚያወራኝ ሰው ላገኝ ነው!

ቅዳሜ፣ ሰኔ 4

ሄድኩ። ወይ ጉድ!

ሚስስ ቫሳንታ ትባላለች። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች። አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ፀጉሯ ላይ አበባ የሰካች። ወጥ ቤቷ ውስጥ አበባ ሰክታ የምትሠራ ሴት... ወዲያው ወደድኳት። ተማሪዋ እኔ ብቻ ነኝ። የሷ እንግሊዝኛ ፈጣን፣ የእኔ ሰባራ። ግን ወሬ የሚወድ ሰው መቼ ቋንቋ ያጣል?

ቅመሞቹን ስትደረድርልኝ ጮህኩ። እርዱ፣ አብሹ፣ ድምብላሉ፣ ሰናፍጩ! "ይሄንንማ እናውቃለን!" እያልኩ እያንዳንዱን አሸተትኩ። ስትስቅብኝ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ነደድኩ።

ሳምባር የሚሉት የክክ ወጥ ነው። ድስቱ ተጣደ፣ ክኩ ገባ... "ሽንኩርቱስ?" አልኳት። "በእኛ ቤት አይገባም" አለችኝ። አይገባም! ሌባ ነው እንዴ? ሽንኩርት ያልተቁላላበት ወጥ፣ ወጥ ይባላል?

ይሁን አልኩ። ሲንተከተክ እንደ ልማዴ ከማማሰያው ጠብ አድርጌ ጨው ልቀምስ። መዳፌ ላይ እኮ ነው! ማማሰያውን አፌ ውስጥ አልከተትኩም፤ እኔ አስተዳደግ የበደለኝ ሴት አይደለሁም። ቫሳንታ "ኖ ኖ ኖ!" ብላ ግንባሯን ያዘች። ለካ መጀመሪያ ለአምላካቸው ይቀርባል፣ ሰው የሚቀምሰው ከዚያ ነው። የኔን ድስት ወደ ጎን ገፍታ በትንሽ ድስት ሌላ ጣደች። እንደ ረከሰ ነገር!

"ሳልቀምስ ጨዉን በምን ልወቅ?"

"በአፍንጫሽ" አለችኝ።

ሲና ስትወስደኝ መንገዱን ሙሉ ይሄንኑ ሳወራ እሷ ትስቃለች። ምን ያስቃል? ...ሳምባሩን ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ ሳህኑን ጠርጌ ነው የበላሁት።

እሑድ፣ ሰኔ 5

ሳትቀምስ የሠራችው ጨዉ ልክ ነበር። እንዴት?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11

ዛሬ ዶሳ። ሩዝና ክክ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ አድሮ የቦካ ሊጥ ነው። ስስ አድርጋ መጥበሻው ላይ ስታዞረው ወረቀት ይመስላል። የኔ ተቀደደ። ሁለተኛውም ተቀደደ። "ትቸኩያለሽ" ትለኛለች። አንቺ ነሽ የምታስወሪኝ!

ወሬያችን ስለ ልጆች ነበር። እኔ አንድ ሴት፣ እሷ አንድ ወንድ። የኔዋ ሃያ ዘጠኝ ሆናት፣ የባል ነገር ሲነሳ ስልክ ትዘጋለች። ሀዋሳ ጳውሎስ የሚባል ጨዋ ልጅ አይቼላት ነበር፤ ፎቶውን እንኳ አላይም አለች። ቫሳንታ እጇን አጨበጨበች። የሷም ያው ነው! ከሀገሯ አንዲት ጥርስ ሐኪም መርጣለት "ሥራ በዝቶብኛል" ይላታል።

"ሥራ በዝቶብኛል!" አልኩ።

"ሥራ በዝቶብኛል!" አለች።

እየተቀባበልን ስናማርር ዶሳው አረረ። "ሚስስ የሚባለውን ተዪው፣ ቫሳንታ በይኝ" አለችኝ። ይቺን ሴት እግዜር ነው የላከልኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 18

እግዜር አይደለም የላካት። ልጄ ናት!

በደህና ነበር የጀመርነው። የሰኔ ጾም ገብቷል ስላልኳት ቅቤውን ትታ በዘይት ሠራችልኝ፤ ይሄንን አልክድም። ሰናፍጩ ዘይቱ ውስጥ ጣ ጣ እያለ በሩ ተከፈተ። አንድ ረጅም ልጅ የሩዝ ጆንያ ተሸክሞ ገባ። ልጇ ካርቲክ ነው። ጆንያውን አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ፣

"እንደምን አደሩ፣ እማማ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?"

ይዞዎታል! የዚህ አገር የእኛ ልጆች እንኳ "ሃይ" ብለውኝ ነው የሚያልፉት!

"ከማን ተማርክ?"

"ከ... ከጓደኛ።"

"ጓደኛህ ማን ትባላለች?" አልኩት። ይባላል አላልኩም። እናት ነኝ።

ወለሉን አየ። በዚያው ሰዓት ሲና ልትወስደኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ሁለቱ ተያዩ። በቃ፣ ሌላ ምን ማስረጃ?

ቫሳንታ በቋንቋዋ ጮኸችበት። ቃሉ አልገባኝም፤ ቁጣው ግን አንዲት አላመለጠችኝም። እኔም በአማርኛ በሲና ላይ። ለካ ቫሳንታም እንደ እኔ አታውቅም! ልጇ የጓደኛዬን እናት አስተምሪልኝ ብሏት ነው። "እናንተ ቀድማችሁ እንድትዋደዱ ብለን ነው" ይላሉ። እንድንዋደድ! እንደ ሁለት ላም አንድ በረት አስገብተው!

...ተዋድደን ነበር እኮ። እሱ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 20

ከሲና ጋር አልነጋገርም። ወሬ ሲያንቀኝ ለፍሪጁ ነገርኩት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 22

እግሬ ሥር መጥታ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ አንቺ እምቢ ካልሽ አላገባውም። ግን ሌላም አላገባም። ጳውሎስንም፣ ማንንም።"

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። እንደዚያ ስትል ነው የፈራሁት። አባቷም የቆረጠ ነገር ሲናገር እንዲህ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። አራት ዓመት አብረው ናቸው። አራት ዓመት! በየቀኑ በስልክ ምን በላሽ ምን ጠጣሽ እየተባባልን!

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሳታይው እምቢ ትያለሽ ብዬ።"

እል ነበር? ...እል ነበር። እውነቷን መሆኑም ያናድዳል። የሃይማኖቱን ነገር ለንስሐ አባቴ እንዴት ብዬ እንደምነግር አላውቅም። እሷ የራሴን አልተውም፣ እሱም ተዪ አላለኝም ትላለች።

ልጁ ግን... "ይዞዎታል" ሲል እንዴት እንዳማረበት።

"በወጉ ይጠየቅ" አልኳት። "ሽማግሌ ይላክ። ልጄን መንገድ ላይ አላገኘኋትም።" ዘላ ስልኳን አነሳች።

እሑድ፣ ሰኔ 26

መጡ! የሟቹ ባለቤቴ የአጎት ልጅ አባይነህ፣ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ በሲና አባት ቦታ ተቀመጠ።

"እትዬ አፀደ፣ እንግዲህ ዛሬ ቀጠሮ ነው የምንሰጠው። በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም።"

"እኔን ታስተምረኛለህ?" አልኩት።

ቫሳንታ አረንጓዴ ሐር ለብሳ፣ ዝምተኛ ባሏን አስከትላ። ትልቅ ትሪ ይዛለች፤ ኮኮናት፣ ሙዝ፣ አበባ፣ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ። ሽማግሌ ቆሞ "ካልሰማችሁን አንቀመጥም" ነበር የሚለው። እነሱ ገብተው ሶፋው ላይ ዘፍ! አባይነህ አፈጠጠብኝ። ይሁን፣ አያውቁም።

ባሏ ጉሮሮውን ጠራርጎ "ልጃችን ልጃችሁን ይወዳታል። ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን" አለ። አለቀ። ዘር የለ፣ ሐረግ የለ! አባይነህ ብድግ ብሎ "አክብራችሁናል። ግን ልጅ የዘመድ ናት፤ እንማከርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" አላቸው።

ቫሳንታ ትሪውን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። እሺ ሳይባል ስጦታ ይነካል? እኔም በሁለት እጄ፣ በቀስታ፣ መለስኩላት። ስንት ነገር ሠርቼ ነበር፤ ጾም መሆኑ በጅቶ ሥጋ የለበት፣ ሽንኩርቱንም ትቼላቸዋለሁ፣ ሁሉም እነሱ የሚበሉት። ግን መልስ ሳይሰጥ ማዕድ አይቀርብም ብሎ አባይነህ የወጥ ቤቱን በር ዘጋው። ሲወጡ ቫሳንታ ዞራ አላየችኝም።

ኮራሁ። አሜሪካ መሀል ወጉ አንድ ሳይጎድል!

ሰኞ፣ ሰኔ 27

የአሜሪካኖቹ በዓል ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ርችት ይተኩሳል። ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆኗል።

ካርቲክ ደውሎ ነበር። ትሪ ከተመለሰ በእነሱ ዘንድ እምቢ ማለት ነው። በዚያ ላይ ውሃ እንኳ አልቀረበላቸውም። እናቱ ክፍሏን ዘግታ ዋለች። ማታ ወጥታ ለጥርስ ሐኪሟ ቤተሰብ ደወለች።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"እሺ ልል እኮ ነው እምቢ ያልኩት!"

"ይሄንን ማን ያውቃል?"

ማን ያውቃል ትለኛለች! ሁሉም ሰው ያውቃል! ...ሀዋሳ ውስጥ።

አባይነህ ጋ ደወልኩ። "ፍላጎት ያለው ይመለሳል" ብሎ ዘጋው። ተሳፋሪ ይዟል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 30

ማንም አልተመለሰም። ሲና እህል አልቀመሰችም። ፍላጎት ያለው ይመለሳል... እኛስ ፍላጎት የለንም?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 2

ክላሱ አላለቀም፤ ተማሪ ነኝ። በአውቶቡስ ሄድኩ።

ከፈተችልኝ። ፀጉሯ ላይ አበባ የለም። ሰላምታም የለም። የተሰበረ ኮኮናትና መፈቅፈቂያ አቀረበችልኝ። ዛሬ ትምህርቱ የኮኮናት ማባያ ነው። ፈቀፈቅኩ። ዝም። እኔ፣ አፀደ፣ ዝም!

"የማን ኮኮናት እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለችኝ በመጨረሻ። "ያንቺ ነበር። የመለስሽው።"

መፈቅፈቂያውን ወረወርኩ። "በእኛ አገር በመጀመሪያ ቀን እሺ ያለች እናት ልጇን አራከሰች ይባላል! አባቴ እናቴን ሲጠይቅ ሽማግሎቹ ክረምት ከበጋ ተመላልሰዋል! እኔ አንቺን ማክበሬ ነው!"

"ውሃ ሳትሰጪኝ? ባሌ በሽምግልናው እንደ ለማኝ ሲሸኝ? ቤትሽ ምግብ ይሸት ነበር፣ አፍንጫ አለኝ!"

"ላንቺ ብዬ ነው የሠራሁት!"

"ታዲያ ለምን ደበቅሽው?"

አንድ ቀን ሙሉ ሠርቼ፣ በር ዘግቼ... ለራሴም ጆሮ ሞኝነት ሆነብኝ።

"አሁን ንገሪኝ፤ እሺ ነው እምቢ?"

"እሺ ነው!"

"እኛ ግን አንመለስም። ትሪ አንዴ ነው የሚወጣው። ባሌ እግሩን አያነሳም።"

"ያለ ሽማግሌ ልጅ አይሰጥም።"

"እንግዲያው ተይው።"

ሁለት ግትር። ማባያውን ሳልቀምስ ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ማንንም አላናገርኩም። ልጆቹን የምናጣው እኮ በጥላቻ አይደለም። በአክብሮት ነው! እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ ይታወቃል?

እሑድ፣ ሐምሌ 3

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አባይነህ ጋ ደወልኩ። "ሱፍህን ልበስ። ሽማግሌ ልንሄድ ነው።"

"የሴት ወገን? እትዬ አፀደ፣ ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ሀዋሳ ነው ያለው። ንዳ!"

እየነዳ መንገዱን ሙሉ አጉረመረመ። ድንኳን ሳይጣል ሙሽራ ለመነች እንባላለን፣ ስማችን ይጠፋል... እኔም መልስ አላጣሁለትም። መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ ሁለታችንም ድምፃችን ዘግቷል።

ቫሳንታ ከፈተች። አየችኝ፣ አባይነህን አየች፣ ትከሻው ላይ የደረበውን ጋቢ አየች። "ግቡ፣ ተቀመጡ።"

"ካልሰማችሁን አንቀመጥም!" አልኩ።

ባሏ ጉልበቴን ያመመኝ መስሎት ወንበር ይዞ ከኋላዬ ሮጠ። ገፋሁት። ንግግሬን ጀመርኩ፤ በእንግሊዝኛ ሌሊቱን ስለማመደው ነው ያደርኩት። የሟቹን ስም ጠራሁ። ዘሩን ቆጠርኩ። "እነሆ ልጃችሁን ካርቲክን ለልጃችን ለሲና..."

"እሺ" አለች ቫሳንታ።

"አልጨረስኩም!"

"እሺ አልኩሽ እኮ። ተቀመጪ።"

በአንዴ! አንድ ልጅ ነው ያላት! አንድ ሳምንት አያስቡም? ዘመድ አያማክሩም? "ምነው ትንሽ እንኳ ብትግደረደሪ!" ልላት አፌን ስከፍት አባይነህ በጆሮዬ "እትዬ፣ በናትሽ ዝም በይ፣ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ" አለኝ።

ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጠችኝ። ጠጣሁት። ከዚያ ሁለታችንም ምን እንደነካን እንጃ፣ ተቃቅፈን ስናለቅስ ባሏ ያንን ወንበር እንደያዘ ቆሟል። ካርቲክ ከላይ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደና እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል በትከሻው ያዝኩት። የሚገርም ልጅ ነው። ቀጭን ነው እንጂ። ይህን ሁሉ ሲሠሩ ልጁን አያበሉትም?

ሲና በስልክ ስትጮህ ጆሮዬ ሊፈርስ ነበር።

ስንመለስ አባይነህ ጠየቀኝ። "ለሀዋሳ ዘመድ ምን ብለን ነው የምንነግረው? ሄደን ለመንን፣ ወዲያው ሰጡን?"

"አብደሃል? ሁለት ጊዜ መልሰውን በሦስተኛው በስንት ልመና እሺ አሉን በል።"

"ለምን?"

"ልጄን ካርቲክን ርካሽ ነው እንዲሉት ነው የምትፈልገው?"