ለይታይሽ የቆሙ ሽማግሌዎች

ሐሙስ

ይታይሽ መጽሐፎቿን መለሰችልኝ። «መምህርት፣ ለሌላ ልጅ ይስጡት» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ። ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንደኛ የምትወጣው እሷ ናት። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ለዲያቆን ታጭታለች። ሠርጉ ከጰራቅሊጦስ በፊት ነው፤ ፈተናው ሰኔ። ዲያቆኑ ሳያገባ ቅስና አይቀበልም፣ የደብሩ ቄስ ደግሞ አርጅተዋል። አገሩ ሁሉ ቸኩሏል።

ለአባቷ ለአያ ስመኘው የጥሪ ደብዳቤ ጻፍሁ። ማኅተም አስመትቼ በእጇ ላክሁት።

ዓርብ

ይታይሽ ቀረች። አባቷ ግን መጡ። በር ላይ ቆመው ደብዳቤውን ዘረጉልኝ። «ማኅተም ያለበት ወረቀት ቤቴ የሚገባው ለግብርና ለክስ ነው። ምን አጠፋሁ ልጄ?»

ይቅርታ ልል ስል ቀጠሉ። «ጅጋ ከተማ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ትማር ነው የምትይኝ። አንድ ነገር ብትሆንስ? ዲያቆን እኮ ድንግል ካልሆነች አያገባም።» ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉና፣ «አንቺስ ተምረሽ ትዳሩ የታለ?» አሉኝ።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ቡሬ ያለችው እናቴም በየሳምንቱ ይህንኑ ትጠይቀኛለች። የእሳቸው ግን አስለቀሰኝ።

ቅዳሜ

ኮሌጅ ሳለሁ ባህል በየአገሩ ትምህርትን እንዴት እንደሚነካ ጽፌ ነበር። የስንቱን አገር ዘረዘርሁ፣ ጥሩ ውጤትም አገኘሁበት። ከደብዳቤ ሽማግሌ እንደሚቀድም ግን ረሳሁት። የቡሬ ልጅ ሆኜ!

ርዕሰ መምህሩ ለፖሊስ እናሳውቅ ይላል። ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ይታይሽን ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ አገኘኋትና ነገርኋት። «አባቴን አያሳስሩብኝ» አለችኝ። ርዕሰ መምህሩን እስከ ሰኞ ጠብቀኝ አልሁት።

ከሰዓት መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። የአያ ስመኘው ጎረቤት ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሁሉን ነገርኋቸው። «ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ ሽማግሌ ይላካል። ለትምህርት ሲሆን ለምን ይቀራል?» አሉ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ አያ ስመኘው ቤት ሄዱ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ።

«ተቀመጡ» አሏቸው አያ ስመኘው።

«ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም። ልጅህን ለፈተና ስጠን ብለን መጥተናል» አሉ መሪጌታ።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ መሪጌታ።»

«ቃልህን አጥፍ አላልንም፤ ቀኑን ግፋው። ሰኔ ጾም ነው፣ ክረምቱ እርሻ ነው። ጥር ይሁን።»

ፀሐዩ ይፋጃል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ከአጥሩ ውጭ ይታየኛል። እኔ ነኝ ያመጣሁባቸው።

«እሽ፣ ጥር ይሁን! በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይቀመጡ» አሉ አያ ስመኘው በመጨረሻ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደግፈው አስቀመጧቸው። ወደ ዲያቆኑ አባትም ሄዱ። አባትየው አጉረመረሙ፣ ግን እሽ አሉ።

ሰኞ

ይታይሽ መጣች። መጽሐፎቿን ሰጠኋት። እስከ ዕረፍት ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር። ያኔ ጠጋ አለችኝ።

«መምህርት፣ የዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያው ፈተና በየትኛው ወር ነው?»

«ጥር» አልኋት።

ደብተሯ ሽፋን ላይ ጻፈችው። ርዕሰ መምህሩ አሁንም ሕግ አለ ይላል። እውነቱን ነው።

ማምሻውን መሪጌታን ልጠይቅ ሄድሁ። ጉልበታቸውን በቅቤ እያሹ አገኘኋቸው። ድጋሚ ይቁሙልን ለማለት አፈርሁ፤ ይታይሽ የጠየቀችኝን ብቻ ነገርኋቸው።

ቅቤውን ወደ ጎን አደረጉና፣ «እስከ ጥር ይቺን ጉልበት ያቆይልኝ» አሉ።

አሜን አልሁ።