ባዶ ኮርቻ

ይድረስ በጦር ሰፈር ላለኸው ለልጄ ለአስማረ። ጤናህ እንዴት ነው? እኔማ አለሁ፤ መኖር ከተባለ።

ኮሪያ ላይ የወደቀው የወንድምህ የደሴ ለቅሶ ዳንግላ ላይ ተደረገ። «አገር አይረሳውም» ያሉት ሹም ስሙን ከወረቀት እያነበቡ እንኳ ሁለት ጊዜ ሳቱት። እንደ ደንባችን የሟች ፈረስ ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በለቅሶተኛው መሃል ሦስት ጊዜ ዞረ። የሰጡንን ኒሻን አጎትህ ኮርቻው ላይ ሰካው፤ ደረቱ የታለና!

የእናንተም ሻለቃ በተራው ይዘምታል ሲሉ ሰማሁ። ገብሱ ዘንድሮ ያማረ ነው። ቦራ ፈረስህም ሰብቷል። ኮርቻህን ግን ፈልጬ አነደድኩት፤ ጎረቤት «አበደች» ይበል። አንተም እንዳትቆጣኝ፤ ስትመጣ ያለ ኮርቻ ትጋልባለህ።

ፈረሰኛው ጊዮርጊስ ከፊትህ ይቅደም።

እናትህ ሸጋ