ሙሽራውን አረፋ ውስጥ ስላስቀረው ማሽን ምርጫዎ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የመኪና እጥበት ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ በሰፈር አጠራር ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወገብዎና በተለይም ለግራጫው ኮትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ የመኪና ወንበርና ምንጣፍ የማጸዳ የማኅበሩ አባል ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግቢያችን በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ አውቶማቲክ ማጠቢያ ሲመርጡልን ካሳዩት ጥበብ አላፊ አግዳሚውም እንዲማር ብዬ ነው።

ማሽን ሊገዛ ነው ሲባል ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ እጁ በቀዝቃዛ ውሃ የተሰነጣጠቀ ሰው ማሽን አይጠላም። ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳየን፦ አንዱ ብሩሽ የሌለው፣ በውሃ ግፊት ብቻ የሚያጥብ፣ ዓይን የማይሞላ ነው። ሌላው ሰማያዊ ብሩሾች የሚሽከረከሩበት፣ ባለቀለም አረፋ የሚተፋና እየሠራ ሙዚቃ የሚያሰማ ነው። እኛ አባላቱ አብዛኛው ደንበኛችን ጣራው ላይ ዕቃ የሚጭን ሚኒባስ መሆኑን ብናስታውስዎ፣ «ደንበኛ መጀመሪያ የሚታጠበው ዓይኑ ነው» ብለው ባለሙዚቃውን አዘዙ። ስለዚህም የሚከተሉትን ምስጋናዎች እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ።

1ኛ. ማሽኑ ከመጠለያችን ጣራ በላይ የሚረዝም ሆኖ ሲገኝ፣ ማሽኑን እንመልስ በማለት ፈንታ ጣራውን ስላስነሱልን እናመሰግናለን። መለካት የአናጺ እንጂ የሊቀመንበር ሥራ አለመሆኑ ይገባናል። ዛሬ ዝናብ ሲጥል መኪናውም ሠራተኛውም አብረው ይታጠባሉ።

2ኛ. የጎረቤታችን የዳቦ ጋጋሪዋ መኪና «ትኩስ ዳቦ» የሚል ጽሑፍ በጎኗ ተለጥፎባት ገብታ፣ ብሩሹ የመጀመሪያዋን ፊደል ልጦ ስላስወጣት። ሴትዮዋ ነገሩን ሳታይ «ኩስ ዳቦ» የሚል ማስታወቂያ ይዛ ከተማውን ስትዞር ዋለች። ማኅበራችን በአንድ ቀን የዚያን ያህል ታውቆ አያውቅም።

3ኛ. ይህን እንኳ በቀልድ ማለፍ ይከብደኛል። «ማሽኑ ማንንም ከሥራ አያስወጣም» ብለውን ነበር፤ ቃልዎን ጠብቀዋል። መኪና በእጅ የሚያጥቡ እህቶቻችንን ቤታችሁ ተቀመጡ ያላቸው ማሽኑ አይደለም፤ እርስዎ ነዎት። ከመካከላቸው ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላት፣ ጓንቷን ለእኔ ሰጥታኝ ሳትሰናበት ነው የሄደችው።

አራተኛውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ታሪኩ ከቁጥር በላይ ነውና። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ሙሽራ፣ ሚዜው ሊያጅበው የሚመጣበት ሰዓት ሳይደርስ፣ በአበባ ሊያስጌጣት ያሰባትን መኪና ራሱ እየነዳ መጣ። ማሽኑ ሙዚቃውን ከፈተ፣ አረፋውን ተፋ። ከዚያ የሰፈሩ ውሃ እንደ ልማዱ ግፊቱ ሲቀንስ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ብሩሾቹ ግራና ቀኝ በሮቹን ተጭነው ይዘው ሙሽራው በአረፋ ተሸፍኖ ውስጥ ቀረ። ሙዚቃው ብቻ አልቆመም። ሌላው ሰው ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይላል፤ በእኛ ግቢ ሠርገኛ መጣ ባልዲ አምጡ ሆነ።

ያኔ እርስዎ ስልክዎን አውጥተው ቤታቸው ያስቀመጧቸውን ሴቶች አንድ በአንድ ተማጸኑ። ማሽኑ ይርዳችሁ ብለው ቢቀሩ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ግን ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ እየሮጡ መጡ። እቴቴ አረፋውን በመዳፏ ጠርጋ በመስታወቱ በኩል «አይዞህ ልጄ፣ ሙሽራይቱ የትም አትሄድም» ብትለው፣ ልጁ ከውስጥ «እናቴ፣ እርስዎ እሷን አያውቋትም!» ብሎ ጮኸ። በሳቅ ብንፈርስም እጃችን አልቆመም። ብሩሾቹን ገፍተን፣ ከጎረቤት በርሜል ውሃ ቀድተን፣ መኪናዋን አለቅልቀንና ወልውለን ሸኘነው። እርስዎም ኮትዎን አውልቀው ባልዲ ሲያመላልሱ ሱሪዎ እስከ ጉልበትዎ ራሰ። ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፦ ሊቀመንበር ከሆኑ ወዲህ እንደዚያ ቀን ወደንዎት አናውቅም።

በማግስቱ በተጠራው ስብሰባ ተነሥተው «ተሳስተናል» አሉ። እቴቴ ከኋላ «እነማን?» ስትልዎ «እሺ፣ ተሳስቻለሁ» አሉ። ሻጩ ማሽኑን ወስዶ ብሩሽ የሌለውን ከውሃ ታንከር ጋር ሊያመጣልን ተስማማ። እህቶቻችንም ጎማ ማጠቡንና መኪና ማድረቁን ይዘው በድምፅ ብልጫ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እርስዎም እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነበሩ። እኔም ጓንቱን ለእቴቴ መልሻለሁ።

እንግዲህ አዲሱ ማሽን ሲመጣ ሜትር ይዞ የሚቆም ሰው ከጎንዎ እንደማይጠፋ እያረጋገጥኩ፣ ዕድሜ ከጤና፣ ሥልጣን ከጆሮ ጋር እንዲሰጥዎ ከልብ እመኛለሁ።

ትእዛዝዎን እስካሁን በትዕግሥት፣ ከእንግዲህ ግን በጥያቄ የምትቀበል፣
የወንበርና ምንጣፍ ክፍል ታዛዥዎ

ማስታወሻ፦ ማሽኑ የተመረቀ ዕለት፣ እኛ ከፊት ለፊት ሆነን ስናጨበጭብ፣ የራስዎን መኪና በጓሮ በር አስገብተው «ቀለሟ ስስ ነው» እያሉ በእጅ ያሳጠቡበትን ጉዳይ ለማንም አልተናገርንም። በር ላይ መለጠፍ መናገር ካልሆነ በቀር።