ነጠላሽ ከበረንዳው ሥር

አስቱዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀረው። ሲለመድ ይቀላል ይሉኛል፤ እኔን ግን አልቀለለኝም። አሁንም ከአየር ጤና ታክሲ ስወርድ ለአንቺ ሙዝ ልግዛ ብዬ እቆማለሁ።

ሰፈሩን ብታዪው ግራ ይገባሻል። ከአጥራችን ጀርባ ያለው አሮጌ ቤት ፈርሶ ፎቅ እየተሠራበት ነው፤ የጠዋት ፀሐያችንን ወስዶብናል። ጋራዡን አልተውኩም። ዓይኔ ቢደክምም የተጣመመ ላሜራ ማቅናት እጄ አልረሳም። ልብስ ማጠብም ለምጃለሁ፣ አትሳቂብኝ። ልጃችን ናቲም ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ይህን የምጽፍልሽም በዚያ ሥራ ምክንያት ነው።

ሥራው ቤት ተቀምጦ ነው። አንድ የውጭ ድርጅት ከሰማይ ላይ የተነሡ ፎቶዎችን በኢንተርኔት ይልክለታል። እሱ ደግሞ በፎቶው ላይ ያለውን ሁሉ በመስመር እየከበበ ቤት ነው፣ መኪና ነው፣ ሰው ነው እያለ ስም ይሰጠዋል። ኮምፒዩተር ማየት የሚማረው እንዲህ ነው አለኝ። ለምን እንደሚፈልጉት ስጠይቀው ለእርሻ ወይም ለጎርፍ ሳይሆን አይቀርም አለ። «ሳይሆን አይቀርም» የምትለዋ አልተመቸችኝም። ግን ከተመረቀ ጀምሮ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት አይቻለሁና ደስታውን ላበላሽበት አልፈለግሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ለሙት ዓመትሽ እኅትሽ እንድትለብሰው ብዬ ነጠላሽን አጠብኩት። ሳላስበው ግቢው መሀል ገመዱ ላይ አሰጣሁት። ገና ወደ ቤት ስገባ ናቲ ጠራኝ፤ አንድ ፎቶ ቸግሮታል። ቆርቆሮ ቤት፣ ጠባብ ግቢ፣ መሀሉ ላይ አንድ ነጭ ነገር። ሰው ነው ብሎ ከብቦታል። ቀረብ ብዬ አየሁትና የተሰጣ ልብስ ነው አልኩት። ገመዱ በቀጭኑ ይታይ ነበር። ነጠላሽን ያኔውኑ ባላሰጣው ኖሮ እኔም ሰው ነው እል ነበር።

ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ነጭ ልብስ ግቢ ውስጥ አስጥተሽ አታውቂም። ከእናትሽ የወረስሽው ልማድ ነው። በእሳቸው ልጅነት ወሎ ውስጥ የጣልያን አውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ የተሰጣው ነጭ ልብስ ሁሉ ይሰበሰብ፣ የለበሱትም ነጠላ ጭቃ ይቀባ ነበር፤ ነጭ ከሰማይ ይታያላ። ጣልያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ ነጠላው ሻገተ እኮ እያልኩ ስቀልድብሽ ትስቂና እዚያው በረንዳው ሥር ታሰጪዋለሽ።

ደግሞ ያን ቀን አስታወስኩ። የረሳሽውን ቁልፍ ላቀብልሽ የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት መጥቼ፣ የታሪክ ክፍልሽን ተማሪዎች ሦስተኛ ፎቅ መተላለፊያ ላይ ደርድረሽ ታች በመንገዱ ከሚሄደው ሕዝብ መሀል እናታችሁን ፈልጉ ስትዪአቸው አገኘሁሽ። የሚታየው የራስ መሸፈኛና ጃንጥላ ብቻ ነው። ከዚያ ነገርሻቸው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ አንዳንድ የጦር ሰዎች ከተማን ከሰማይ ብንደበድብ የሕዝቡ ልብ ይሰበራል፣ መንግሥቱንም ጦርነቱን አቁም ይለዋል ብለው አሰቡ። በእኛ አገር ጣልያን ቦምቡንም መርዙንም አዘነበው። ጀርመን ለንደንን ስትደበድብ ሰዉ መሬት ሥር ባቡር ጣቢያ እያደረ ጠዋት ሥራው ገባ። በኋላም የጀርመን ሐምቡርግና ድሬስደን፣ የጃፓን ቶኪዮ በእሳት ነደዱ። ያለቀው አለቀ እንጂ ሕዝቡ እነሱ እንዳሰቡት በመንግሥቱ ላይ አልተነሣም አልሻቸው። መጨረሻ ላይ ያልሽው ግን ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ከሦስተኛ ፎቅ እናታችሁን ካልለያችሁ፣ ከደመና በላይ ያለው ሰው የማንን እናት ይለያል?»

ይህንን ሁሉ ለናቲ ነገርኩት። ሥራህን ተው አላልኩትም፤ የማለት አቅምም አልነበረኝም። ሰማኝና ወደ ግቢ ወጣ። በመስኮት ሳየው ነጠላሽን ከገመዱ አውርዶ በረንዳው ሥር እያሰጣው ነው። ተመልሶ ገባና ፎቶዎቹ ለምን እንደሚውሉ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠየቀ። ሰኞ መልስ መጣለት፤ ለሥራህ ይህን ማወቅ አያስፈልግህም የሚል ነው። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣና ከነገ ጀምሮ አልሠራላቸውም ብሎ ጻፈላቸው።

ኮራሁበት፣ አስቱ። ፈራሁለትም። ሌላ ሥራ በቀላሉ እንደማይገኝ አንቺም ታውቂያለሽ። ለጊዜው ከእኔ ጋር ጋራዥ እየዋለ ነው፤ ላሜራው ግን ገና አልታዘዘለትም።

ዛሬ ነጠላሽን አጠፍኩት። ፀሐይ ስላላገኘ ትንሽ ጠረን ይዟል። የሻገተ እያልኩ ስቀልድበት የነበረው ያው ጠረን ነው፤ ፊቴን ከትቼበት ቆየሁ። እኔ እስካለሁ፣ ከእኔም በኋላ ናቲ እስካለ፣ በዚህ ቤት ነጭ ልብስ የሚደርቀው አንቺ ባሰጣሽበት ቦታ ነው።

ያንቺው ባለቤት