ለልጅ ልጄ ስለመረጡላት ዴስክቶፕ

ለክቡር ዶክተር ተንዊር ቡኻሪ
ከቦዩ ማዶ ላለው የቴክኖሎጂ ኮሌጅ ርዕሰ መምህር
ሙልታን

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቱ ይድረስዎ። ማንጎ ገና ከዛፉ ሳይወርድ በሚበስልበት በዚህ ሙቀት እርስዎም ሆኑ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ በጤና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የአንዳችሁ መታመም ሌላውን እንደሚጥል ስለማውቅ ለሁለታችሁም እኩል ዱዓ አድርጌያለሁ። እኔ መህሩኒሳ አንሳሪ እባላለሁ። ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ያልጨረሰ ተማሪ ቆሞ በሚውልበት ትምህርት ቤት የተማርኩ፣ ኋላም ለሴቶች ልጆች ሒሳብ ሳስተምር ያረጀሁ ሴት ነኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ማቅረብ እንጂ መዘባረቅ አልችልበትም፤ ይታገሱኝ። በጋዜጣ ማውጣቴም ለክብርዎ ብዬ ነው፤ የልጅ ልጄን ዲግሪ ሊያሳጣት የተቃረበ ውለታ በሁለት ሰው መካከል ተደብቆ ሊቀር አይገባውም።

የልጅ ልጄ አሪባ በኮሌጅዎ የመጨረሻ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ ናት። ባለፈው የብርድ ወራት፣ ነጻ የትምህርት ዕድል ላገኙ ተማሪዎች ኮምፒውተር እንደሚታደል፣ ከዴስክቶፕና ከላፕቶፕ አንዱን መምረጥም የእያንዳንዱ ተማሪ ሙሉ መብት እንደሆነ የሚናገር ማስታወቂያ በኮሌጅዎ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። መብት የሚለውን ቃል ያየች ልጅ እንደምታደርገው አሪባ ነገሩን አምናው መጣች፤ አጠገቤ ቁጭ ብላም ከእኔ ጋር መዘነችው። ለዴስክቶፕ የሚገባውን አልነፈግነውም። ሞኒተሩ ሰፊ ስለሆነ ዐይን አያደክምም፤ አንድ ዕቃ ሲበላሽበት ያንኑ ነቅሎ መተካት ይቻላል፤ በዋጋ ከሚተካከለው ላፕቶፕ ይልቅ ጉልበት አለው፤ ሙቀትም ቶሎ አያዝለውም። የራሱ ክፍል፣ የራሱ ጠረጴዛና የማይጠፋ መብራት ያለው ተማሪ ዴስክቶፕ ቢመርጥ አስተዋይ ነው እለዋለሁ። አሪባ ግን የምትተኛው ከእኔና ከታናሽ እህቷ ጋር ነው፤ ጠረጴዛዋ ጉልበቷ ነው፤ መብራቱ ደግሞ በፈረቃ ነው። ስለዚህ ላፕቶፕ ይሻለኛል አለች፤ እኔም አበጀሽ አልኳት።

በዕደላው ዕለት ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ ተሰለፉ። ዴስክቶፖቹ ሁሉ በግራ፣ ላፕቶፖቹ ሁሉ በቀኝ ተደርድረው ይጠብቁ ነበር። አሪባ እጇን አውጥታ ምርጫዋን ስትናገር የመዝገብ ቤት ሹምዎ፣ «ልጄ፣ አትድከሚ፤ ምርጫሽን እኛ መርጠንልሻል» አሏት። እርስዎም መድረክ ላይ ወጥተው፣ «ላፕቶፕ እግር አለው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው። ዴስክቶፕ ግን ቤቱን ያውቃል፤ ለሴት ልጅ የሚስማማው እሱ ነው» ሲሉ አባቶች አጨበጨቡልዎ። ልጄ ሸፍቀት፣ የአሪባ አባት፣ መዳፉ እስኪቀላ ነው ያጨበጨበው። እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲህ ስላገኘነው በረከት ላመስግንዎ።

አንደኛ፦ ኮምፒውተሩ ቤቱን ማወቁ እውነት ሆኗል፤ ከቤቱም የተሻለውን ክፍል መርጦ ገብቷል። በቤታችን የማይነቃነቅ ጠረጴዛና ከባትሪ ጋር የተያያዘ ሶኬት ያለው በአንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ሸፍቀት ወንድ እንግዶቹን የሚቀበልበት ነው። የልጅቷ እናት ኑዝሃት ለሰርግ ያስቀመጠችውን ጥልፍ አውጥታ አለበሰችው፤ አጠገቡም የፕላስቲክ አበባ አቆመች። ልጄ የማንጎ ነጋዴ በመሆኑ ከቀትር በኋላው የዐስር ሶላት እስከ እራት እንግዳ አይታጣበትም። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት እንግዳ በር ላይ ሲያስል ልጃገረድ በውስጠኛው በር ትወጣለች፤ አሪባም ያጋመሰችውን ሥራ ጥላ ትወጣለች። ልጅቷን ቤት እንዲያስቀምጥ የመረጡት ዕቃ እሱ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ እሷን ከመጋረጃ ጀርባ አቁሟታል። ሐጂ ጉልዛር የሚባሉ የልጄ ወዳጅ የሻይ ስኒያቸውን የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ሲፒዩው ላይ አሳርፈው፣ «ሸፍቀት፣ ይሄ ነገር የክሪኬት ጨዋታ አያመጣም እንዴ?» ይሉታል። «ያመጣል ሐጂ፣ ግን ልጅቷ እንድትማርበት የተሰጠ ነው» ይላቸዋል። «ታዲያ ልጅቷ የታለች?» ይላሉ እሳቸው፣ ግራ ቀኝ እያዩ። ሐጂ ጉልዛር ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው፤ ይህን ጥያቄ ግን ከእርስዎ ቀድመው ጠይቀዋል።

ሁለተኛ፦ መብራት ሲሄድ ባትሪያችን ወይ ማራገቢያውን ወይ ኮምፒውተሩን እንጂ ሁለቱን አብሮ አይችልም። አንድ ቀን እንግዶቹ ለሶላት ወጣ ሲሉ አሪባ ገብታ፣ «አባዬ፣ እስኪመለሱ ድረስ ማራገቢያውን ላጥፋው?» ብትለው፣ «እንግዳ ተመልሶ በላብ ሲጠመቅ ሰው ምን ይለናል?» ብሎ መለሰላት። ሰው ምን እንደሚለን ከሃምሳ ዓመት በላይ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ እስካሁን ያለን «ሻይ አለ?» ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ባለ እግሩ ላፕቶፕ ለጎረቤታችን ልጅ ለዞሄብ ደርሶታል። ከተሰጠው ቀን ጀምሮ ከአልጋው ወርዶ አያውቅም፤ ዞሄብም እንደዚያው። እናቱ፣ «ልጄ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ነው የሚያድረው» ትለኛለች። እኔም የምተኛው ከግድግዳው ወዲህ በመሆኑ ትምህርቱ ይህን ያህል የሚያስቅ መሆኑን ሰምቼ ተደንቄያለሁ። እኔ ሳስተምር ማንም ስቆ አያውቅም ነበር።

አራተኛው ምስጋና ይረዝማል። የመመረቂያ ሥራ የሚቀርብበት ቀን ሲደርስ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ኮምፒውተር ይዞ እንዲመጣ ክቡርነትዎ አዘዙ። ቤቱን ያውቃል ያሉትን ዕቃ ከቤቱ እንዲወጣ ሲያዙ ትንሽ እንኳ ሳያዝኑለት እንዳልቀሩ እገምታለሁ። ወንዶቹ ሻንጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሄዱ። እኛ ባጃጅ ጠራን። ሞኒተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አሪባ ታቀፈችው፤ ሲፒዩው እግራችን ሥር ተቀመጠ፤ ኪቦርዱን እኔ ያዝኩ፤ ገመዱ ግን ለማንም አልገዛ ብሎ በበሩ ወጥቶ ይወዛወዝ ነበር። ሾፌሩ፣ «እናቴ፣ ይሄ ነገር ቢሰበር በእኔ እንዳታሳብቡ፤ እኔ ሰው ነው የምጭነው» ሲል አስጠነቀቀን። ገበያው መሃል መንገድ ተዘግቶ ስንቆም ሐብሐብ ሻጩ ጎንበስ ብሎ አየንና፣ «አክስቴ፣ ሙሽራዋን አከናንባችሁ ወዴት ነው የምትወስዷት?» አለኝ። ጓደኛው ከማዶ፣ «ሙሽራዋ ገመድ አላት እንዴ?» አለ። ገበያው በሙሉ ሳቀ። ላፕቶፕ ቢሆን ኖሮ ከሻሿ ሥር አድርጋው ማንም ሳያያት ታልፍ የነበረች ልጅ፣ በእርስዎ ጥንቃቄ ምክንያት የማን ልጅ እንደሆነች የማያውቅ ነጋዴ አልቀረም።

ኮሌጁ ደርሰን ገመዱን ከገመድ አገናኘን። የአሪባ ሥራ ገበሬዎች የመስኖ ውሃ ተራቸው መቼ እንደሚደርስ የሚነግር ፕሮግራም ነው፤ በቦዩ ዳር ስለ ተራ ስንት ዱላ እንደሚነሳ ለሚያውቅ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። ማስረዳት ጀምራ የመጀመሪያው ገበሬ ውሃውን ሳያገኝ መብራት ሄደ። ሞኒተሩ ጠቆረ። ወንዶቹ ላፕቶፓቸው የራሱ ባትሪ ስላለው ምንም እንዳልሆነ ቀጠሉ፤ ዞሄብም ጭምር። አሪባ ጠመኔ አንስታ ቀሪውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስረዳት ስትጀምር ፈታኙ፣ «ልጄ፣ ጎበዝ ነሽ፤ ግን ያላየነውን አንመዝንም» ብለው አስቆሟት። ውጤቷ «ያልተሟላ» ሆነ። በመጪው ወር መጨረሻ ድጋሚ ትቀርባለች፤ ያኔም ካልተሳካላት የነጻ ትምህርት ዕድሏ ይቋረጣል፤ አባቷም ከኪሱ ከፍሎ እንደማያስተምራት ነግሮናል። ለድጋሚው ምን ይዛ እንድትመጣ እንደታዘዘች መንገር ያስፈልገኛል? ያንኑ ዴስክቶፕ ነው።

ይህን ላስረዳዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ «ክቡርነታቸው እንግዳ ይዘዋል» እያሉ እስከ ቀትር አስቀመጡኝ። በር ሲከፈትና ሲዘጋ ግን ክፍሉን በደንብ አየሁት። ጠረጴዛው ሰፊ ነው፤ አይነቃነቅም። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል። ማቀዝቀዣው አንዴም አላሳለም። መጋረጃው ወፍራም ነው፤ ከውጭ ማንም አያይም።

ስለዚህ እኔና የሌሎቹ ሴት ተማሪዎች እናቶች ተመካክረን አንድ ውሳኔ ላይ ደርሰናል። ልጆቻችን ያኔውኑ የመረጡት ላፕቶፕ እስከ መጪው ሐሙስ ከተቀየረላቸው እሰየው፤ ዴስክቶፖቹንም ለወንዶቹ በደስታ እናስረክባለን፤ ቤታቸውን ይወቁላቸው። ካልተቀየረላቸው ግን ከሐሙስ ማግስት ጀምሮ ዴስክቶፖቹን በሙሉ ወደ ክቡርነትዎ ቢሮ እናመጣለን። ልጃገረዶቹ ከማለዳ እስከ ምሽቱ የመግሪብ ሶላት እዚያ ይሠራሉ፤ እኔም በሩ አጠገብ ወንበር ይዤ እጠብቃቸዋለሁ። ለክብራቸው ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ የበለጠ ጥላ ከየት ይገኛል? በወጋችን መሠረት ሴቶች በተቀመጡበት ክፍል ጨዋ ወንድ እንደማይቆይ ለእርስዎ አላስተምርም። ስንደርስ በር ላይ ሆነን እናስላለን፤ እርስዎም በኋለኛው በር ይወጣሉ። ያጋመሱት ሥራ ካለ ጥለውት ይውጡ፤ ማንም አይነካብዎትም።

ልጄ ሸፍቀት ይከለክለናል ብለው ተስፋ እንዳያደርጉ። ያን የገበያ ወሬ ከሰማ ወዲህ፣ «እማዬ፣ ልጅቷን በባጃጅ ጭነሽ ሁለተኛ ገበያ እንዳታዞሪብኝ! ቢሮው ድረስ ሲፒዩውን እኔው ተሸክሜ አደርሰዋለሁ» ብሎኛል። ሐጂ ጉልዛርም ሞኒተሩን ለመሸከም ቃል ገብተዋል፤ እርስዎ ቢሮ ክሪኬት እንደሚመጣ የነገራቸው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ለሴት ልጆቻችን አሳቢ፣ ለምርጫቸው መራጭ፣ ለሙቀታቸው ታጋሽ ሆነው ያኑርዎ እያልኩ፣ ከሐሙስ በፊት መልስዎን፣ ከሐሙስ በኋላ ደግሞ ወንበርዎን በጉጉት የምጠብቅ፣

ትሑት አመስጋኝዎ
መህሩኒሳ አንሳሪ
የሒሳብ መምህርት፣ በጡረታ

ማስታወሻ፦ በቤታችን የእንግዳ ክፍል ሰው ስለነበረበት ይህ ደብዳቤ የተተየበው በተዋስነው ላፕቶፕ ነው። ያዋሱን ባለቤትዎ ቤገም ሸጉፍታ ናቸው፤ «ዴስክቶፕ ቤት ያጣብባል ብሎ እሱ ራሱ ነው መርጦ የገዛልኝ» ብለውናል። ደብዳቤውንም ከመላኩ በፊት አንብበውት አንድም ቃል አልቀነሱም፤ ዓርብ ወደ ቢሮዎ ስንሄድ በመንገዳችን እንድንጠራቸው ብቻ አደራ ብለውናል።